ወርቁን ማን አመጣው? ከጣና ዳር የሚታይ የድሮ መንግሥታት ታሪክ

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የታሪክ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «የአክሱም ነገሥታትን ስምና ሥራ ጻፉ» ይላል። ኢዛናን ጻፈች። ካሌብን ጻፈች። ገብረ መስቀልን ጨመረች። እኔም ትምህርቱ ነፍስ እንዲዘራ ብዬ ስልኬ ላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ፎቶ ከፍቼ አሳየኋት። ሳንቲሟ ትንሽ ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። መሐሏ ላይ ንጉሡ አክሊል ደፍቶ፣ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ከቦት ይታያል። ልጅቷ ንጉሡን ትታ ወርቁን አየች።

«ጋሼ፣ ወርቁን ግን ማን አመጣው?» አለችኝ።

የቤት ሥራው ይህን አይጠይቅም። እኛም ባሕር ዳር ተቀምጠን ስለ ድሮ መንግሥታት ስናወራ እምብዛም አንጠይቅም። ወሬያችን ስለ ነገሥታትና ስለ ገዳማት ነው። እንግዳ ሲመጣ ጣና ላይ ይዘነው የምንሄደው ገዳሙን፣ ሥዕሉን፣ ዘውዱን ልናሳየው ነው። ሊታዩ ይገባል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ለዘውዱ ወርቁን፣ ለመቅደሱ ዕጣኑን፣ ለቅዳሴው ዘቢቡን ተሸክሞ ያመጣ ሰው አለ። እርሱ ከታሪኩ ወጥቷል። የወጣው ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም፤ ጦሱም ዛሬ ሐይቁ ዳር ላይ ይታያል።

ከወርቁ ልጀምር።

በስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲሰናዳ፣ አንድ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። ስሙ ኮስማስ ነው። በኋላ ያየውንና የሰማውን ጽፎ አቆየልን። እርሱ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ወርቅ የሚገዙ ሰዎች ሳሱ ወደሚባል አገር ይልካል። የሚልካቸው በአገው ገዥ በኩል ነው። ሌሎች ነጋዴዎችም አብረው ይጓዛሉ፤ ሁሉም ሲደመሩ ከ500 ሰው ይበልጣሉ። የሚይዙት ሦስት ነገር ነው፦ በሬ፣ ጨው፣ ብረት።

ወርቁ አገር አጠገብ ሲደርሱ ይሰፍራሉ። ሰፈሩን በእሾህ አጥር ያጥሩታል። ከዚያ በሬዎቹን ያርዱና ሥጋውን ይበልታሉ። ብልቱን በእሾሁ አጥር ላይ ይደረድሩታል። ጨዉንና ብረቱንም አጠገቡ ያኖራሉ። የአገሬው ሰው ደግሞ አተር አተር የሚያክል ወርቅ ይዞ ይመጣል። የወደደው ብልት ላይ ወይም የወደደው ጨው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ወርቅ ያስቀምጥና ራቅ ብሎ ይቆማል። አሁን ተራው የሥጋው ባለቤት ነው። ቀረብ ብሎ ያያል። ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፤ ያኔ ያኛው መጥቶ ሥጋውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን ሳይነካ ይመለሳል። ባለወርቁ ይህን አይቶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንስቶ ይሄዳል።

አንድም ቃል አይነጋገሩም። ኮስማስ ምክንያቱን ይነግረናል፤ ቋንቋቸው የተለያየ ነው፣ አስተርጓሚ አይገኝም።

እኔ ይህን ቦታ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ስንት ቃል እንደምናወጣ አስቡት። እዚያ ግን ጥሬ ወርቅ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ዞር ብሎ፣ ማንም አይሰርቀውም። የሰረቀ እንደሆነ በሚቀጥለው ዙር ገበያ አይኖርማ። ተጓዦቹ መሣሪያ ይታጠቁ ነበር፤ መንገዱ አስፈሪ ነበርና። አጥሩ ላይ ያለው ግብይት ግን በመተማመን ነበር የሚሄደው።

ሌላ የማልረሳው ነገር አለ። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል ይላል። ሲሄዱ ቀስ ይላሉ፤ ከብት እየነዱ ነውና። ሲመለሱ ግን ይጣደፋሉ። ለምን? ክረምቱ እንዳይደርስባቸው። የዓባይ ምንጭ በዚያ አገር ስለሆነ፣ ዝናቡ ሲገባ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ መንገዱን ይዘጋል ይላል። ለሦስት ወር ያለማቋረጥ ይዘንባል ብሎም ጽፏል። ኮስማስ ራሱ ወደዚህ አልወጣም። ግን ሐምሌ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ ሙላቱ እስኪጎድል የጠበቀ የጎጃም ሰው ሁሉ ወሬው እውነት መሆኑን ያውቃል።

ብዙ አጥኚዎች ሳሱን ዛሬ ሱዳን ውስጥ ወዳለው ፋዞግሊና ወደ ቤኒሻንጉል ያስጠጉታል። ቤኒሻንጉል ዛሬም ወርቅ ይታጠብበታል። እንግዲህ ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፦ ወርቁን ያመጡት በሬ ነጂዎች ናቸው፤ ጨው ተሸካሚዎች ናቸው፤ በራቸውን የከፈቱት አገዎች ናቸው። ያለ አገው ሰላም የአክሱም ንጉሥ ወርቅ አያገኝም ነበር። አገውኛ ዛሬም ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ አዊ ላይ ይነገራል። በትምህርት ቤት ግን አገው የሚነሳው ዛጉዌ ምዕራፍ ሲደርስ ነው። ወዲያው ተነስቶ ወዲያው ያልፋል።

ሃይማኖቱስ? እርሱም በዚያው መንገድ ነው የገባው።

ፍሬምናጦስን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። ከጢሮስ የመጣ ልጅ ነበር። የተሳፈረበት መርከብ ወደብ ላይ ተጠቅቶ፣ እርሱና ወንድሙ ተርፈው ቤተ መንግሥት ገቡ። እዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ይተርከዋል። ቶሎ የምናልፈው ቀጥሎ ያለውን ነው። ይህን ታሪክ መዝግቦ ያቆየው ሩፊኖስ እንደሚለው፣ ፍሬምናጦስ ሥልጣን ሲያገኝ በመጀመሪያ የፈለገው በአገሩ ውስጥ ያሉ የሮም ክርስቲያን ነጋዴዎችን ነው። ሰብስቦ የጸሎት ቦታ እንዲሠሩ አበረታታቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ጳጳስ ከማግኘቱ በፊት፣ ንጉሡም ከመጠመቁ በፊት፣ መጀመሪያ የጸለዩት ጭነታቸውን አራግፈው ያረፉ ነጋዴዎች ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ ኢዛና አመነ። በሳንቲሙ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ወጥቶ መስቀል ገባ። ልብ በሉ፤ ያ ሳንቲም አክሱም ብቻ አልቀረም። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም በየመንም በሕንድም ተገኝቷል። ንጉሡ ሃይማኖቱን ለዓለም ያሳወቀው በነጋዴ ኪስ ነው። ከመዳብ የተሠራው ሳንቲም ላይ ደግሞ በግሪክኛ «ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ወርቁ ለውጭ ንግድ፣ መዳቡ ለአገር ገበያ። ጎመን የምትሸጥ ሴት እጅ ላይ የሚገባው ይኸኛው ነው። እኔ ከነገሥታቱ ጽሑፍ ሁሉ ይህችን አጭር ቃል እወዳታለሁ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ምዕራብ ጫፍ የነበረችውን ጋና እንይ። የዛሬዋን ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ ሞሪታኒያና ማሊ በሆነው ምድር ላይ የነበረችውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1068 አል-በክሪ የሚባል የአንዳሉስ ሰው ስለእርሷ ጻፈ። ዋና ከተማዋ ሁለት ከተማ ነበረች። በአንደኛው ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ 12 መስጊድ አለው። በሌላው የራሱን የአባቶቹን እምነት የያዘው ንጉሥ ይኖራል። ቀረጡም ተቆርጦ የታወቀ ነው፤ አንድ አህያ ጨው ሲገባ አንድ ዲናር፣ ሲወጣ ሁለት ዲናር። እዚያም ጨውና ወርቅ ነው። እዚያም የንጉሡ እምነት ሌላ፣ የነጋዴው እምነት ሌላ ነው፤ ግን ተያይዘው ይኖራሉ።

ወደ ቤታችን እንመለስና፣ ጎንደርን እዚህ ጋ ማሰብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። የእነርሱ ሰፈር አዲስ ዓለም ሆነ። የርቀት ንግዱ ግን በእጃቸው ነበር። ከጥንቱም እንደዚያው ነበር። ነቢዩ መሐመድ ተከታዮቻቸውን ወደዚህ ምድር የላኩት እ.ኤ.አ. በ615 ነው። የአክሱም ሳንቲም በሰባተኛው መቶ ዘመን ካከተመ በኋላ፣ የቀይ ባሕር ንግድም በሙስሊም ነጋዴዎች ሲያዝ፣ ወደ ውስጥ አገር የሚዘልቀውን መንገድ የያዙት እነርሱ ሆኑ። ሳንቲሙ ሲጠፋ ገንዘብ የሆነው አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመል በበቅሎ ተጭኖ፣ ከቦታው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ጎጃም ይደርሳል። ያ የኮስማስ ጨው አንድ ሺህ ዓመት አልፎትም መንገድ ላይ ነበር።

ጣና የዚያ መንገድ አንገት ነው። ከደቡብ የሚመጣው ጭነት ጎጃም ላይ ባሶ ገበያ ይሰበሰባል። ዓባይን ተሻግሮ የሐይቁን ምሥራቅ ዳር ይዞ ይወጣል። በዚህ ላይ ቆራጣ አለች፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የሐይቁ ዳር ትልቋ ከተማ እርሷ ነበረች እንጂ ባሕር ዳር አልነበረችም። ከዚያ ወደ ሰሜን ይፋግ አለ፤ ገበያና ኬላ። አጠገቡ ደሪጣ አለ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ። ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ወይ ወደ መተማ ወይ ወደ ምጽዋ። ዛሬ ከባሕር ዳር ጎንደር በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ያንኑ መስመር ይዞ ነው የሚጓዘው።

ክፉ ቀን አልነበረም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1543 ግራኝ አሕመድ የተገደለው ከዚሁ ሐይቅ ወደ ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ ነው። በዚያ ጦርነት ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕዝብ አልቋል። ስለ ጦርነቱ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ሁሌም ይወራል። ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይቋረጥ የሄደው ንግድ ግን አይወራም። ይህ ሚዛን ልክ አይመስለኝም። በተለይ ዛሬ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሰው የድሮ ቁስል እየፈለገ በሚነካካበት ሰዓት።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት ንዋያተ ቅድሳት ሱቆች አንዱ ውስጥ ግቡ። መደርደሪያው ላይ ምን አለ? ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ግምጃ። ዕጣኑ ከቆላ ነው የሚመጣው፣ ከመተማና ከቋራ በኩል። ዘቢቡ ከውጭ ነው የሚገባው። ግምጃውም እንደዚያው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር። የጥንት ብራና መጽሐፍ ገበታውን ገልጣችሁ ውስጡን ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ ቁራጭ የውጭ አገር ጨርቅ ተለብጦበታል፤ ከሕንድ የመጣ ሐር ሊሆን ይችላል። ያን ጨርቅ ባሕር አሻግሮ፣ በበረሃ አቋርጦ፣ ኬላ ለኬላ ቀረጥ ከፍሎ ያደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ወንጌሉን ያለበሰው ጨርቅ በእርሱ በቅሎ ነው የመጣው።

ገዳሙም ለነጋዴው ውለታ ነበረው። በዘመነ መሳፍንት ማንም ከማንም ሲዋጋ፣ እንደ ቆራጣ ያለ ቅዱስ ቦታ መማጸኛ ነበር። እዚያ የገባ ሰው አይነካም፤ ዕቃውም አይዘረፍም። ሰው ንብረቱን ደሴት ላይ አደራ ያስቀምጣል። ገበያም የሚቆመው ሰው ሰላም ባለበት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ጎን ለጎን አደጉ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ዘጌ ነው። በአፈ ታሪኩ አቡነ በትረ ማርያም ሦስት ተክል ሰጡ ይባላል፤ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ። በሬ ጠምዶ ማረስም ተከለከለ። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው፤ ሰው ሞፈር ስላልገባበት። ነገር ግን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር። ቡና የእስላም ነው ይባል ነበር። እና የዘጌ ቡና ለማን ነበር? ለሽያጭ ነዋ። ገዳሙ ሥር በቅሎ፣ በክርስቲያን እጅ ተለቅሞ፣ ሙስሊም ነጋዴ ገዝቶት ወደ ጎንደርና ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። አንዱ ባይኖር ሌላው ከምን ሊበላ!

እዚህ ላይ የሚከብደውንም ልናገር። ዘጌ ቡና ሲለቀም የባሮች እጅም ነበረበት። በባሶና በይፋግ መንገድ የሚነዳው ጭነት ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይነዳ ነበር። ነጋዴው ሙስሊም፣ ጌታው ክርስቲያን፤ ሁለቱም እጃቸው አለበት። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የዛሬ አዛውንቶች ወላጆች ያዩት ነገር ነው። ነጻ ከወጡት ወገኖች የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ይኖራሉ፤ ይህን ታሪክ በሐሜት ብቻ ሳይሆን በክብር ልናነሳው ይገባል።

አሁን ወደ መጨረሻዎቹ ተሸካሚዎች እመጣለሁ፤ ወደ ነገደ ወይጦ።

ጣና ላይ ታንኳ የሠራው ማን ነው? እነርሱ ናቸው። ሐይቁ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ደሴቶቹ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት። ጣና ቂርቆስ አለ፣ ታቦተ ጽዮን አርፎበታል የሚባለው። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። ወደ እነዚህ ሁሉ እህሉም፣ ዕንጨቱም፣ መነኩሴውም የሄደው በደንገል ታንኳ ነው። ወይጦዎች ጉማሬ ያድኑ ነበር። ወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ከደንገል ቅርጫት ይሠራሉ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፋ፤ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ሙስሊም ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ አልቆረሰላቸውም። ስማቸው ራሱ ስድብ ተደርጎ ሲነገር ያልሰማ የባሕር ዳር ልጅ አለ? እኔም በልጅነቴ ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ይዣት ሐይቁ ዳር ወረድን። አንድ አባት ታንኳ ይሠሩ ነበር። የደረቀውን ደንገል በክንድ በክንድ እየያዙ፣ በጉልበታቸው ተጭነው፣ በልጥ ጠፍረው ያስሩታል። ገመዱን ሲስቡት ደንገሉ ሲጥ ይላል። አፍንጫውን ወደ ላይ ቆልመም ያደርጉታል። ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ።

«አባባ፣ ስንት ጊዜ ያገለግላል?» አለቻቸው።

«ጥቂት ወር ነው ልጄ። ውኃ ይጠጣል። ፀሐይ ላይ ታወጪዋለሽ፣ ይደርቃል፣ ትመልሽዋለሽ። ኋላ ይበሰብስና ሌላ ትሠሪያለሽ።»

«ምን ምን ጭነው ያውቃሉ?»

ሥራቸውን ሳያቋርጡ ቆጠሩላት። «ዕንጨት። ቡና። ጌሾ። ቄስ። ሙሽራ። ሬሳም ጭኛለሁ።»

ዛሬ ችግራቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው አንድ ነው፦ ደንገሉ። ድሮ ከቤታቸው ደጅ ያጭዱት ነበር። አሁን ዳርቻው ለእርሻ ተመነጠረ፣ ሕንፃ ተሠራበት፣ የቀረውን እንቦጭ ያዘው። ደንገል ፍለጋ ሩቅ መቅዘፍ አለባቸው። ጉማሬ ማደኑም ከቀረ ቆይቷል። እንግዳ ሲበዛ ትንንሽ ታንኳ ሠርተው ለመታሰቢያ ይሸጡ ነበር። ከወረርሽኙ ወዲህ፣ ኋላም በጦርነቱና በክልላችን ግጭት ምክንያት እርሱም ደረቀ። አስጎብኚዎችም፣ ባለጀልባዎችም፣ የዘጌ ቡና ሻጮችም እንደዚሁ ኪሳቸው ተመቷል።

ከተማዋ የሐይቁን ዳር እያለማች ነው። መንገዱ ያምራል፤ ማታ ማታ እኔም እየወጣሁ እናፈስበታለሁ። ዩኔስኮም ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ታዲያ በዚህ ልማት ውስጥ ለታንኳ ሠሪው ቦታ ይኑረው። የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ታንኳ የሚያወጣበትና የሚያደርቅበት ዳርቻ ይከለልለት። ደንገሉ የሚያድግበት ረግረግ ይጠበቅለት፤ ደንገሉ ለዓሣው መራቢያም ነው። ሲነሳ ደግሞ ሐይቁን ወደማያይበት ቦታ አይወሰድ። ሐይቅ የሌለው ወይጦ ምን ይሠራል?

አስጎብኚ ጓደኞቼንም አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ናርጋ ላይ ስለ ምንትዋብ ስትናገሩ፣ ድንጋዩና ኖራው ደሴቱ ድረስ በምን እንደመጣ ጨምሩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ላይ ሥዕሉን ስታሳዩ ጨርቁንም አሳዩ። ደሪጣን ጥሩ። መምህራንም እንዲሁ፤ ኢዛና ምዕራፍ ላይ የእሾሁን አጥር አንድ ገጽ ብታስተምሩት ልጆቹ አይረሱትም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

የእህቴ ልጅ የቤት ሥራዋን አስረከበች። ነገሥታቱን እንደታዘዘችው ጻፈች። ከግርጌው ላይ ግን መስመር አስምራ፣ «ወርቁን ያመጡት» የሚል ርዕስ ሰጥታ፣ የራሷን ዝርዝር ጨመረችበት፦ የአገው ገዥ፣ በሬ ነጂዎች፣ ጨው ተሸካሚዎች፣ ቋንቋቸውን የማናውቀው ባለወርቆች። መጨረሻ ላይ «ታንኳ የሚሠሩት አባባ» ብላለች። እርሳቸው ከአክሱም ዘመን እንዳልሆኑ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፤ አልሰረዘችውም።